የተበሳ የጨው ውሃ አኳሪየምን ከሳምፕ ጋር በቧንቧ ማገናኘት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ አንድ ምሽት፣ እዚህ ሜሪላንድ እኛ ሰፈር ዝናብና ነፋስ መጣና መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ ስነሳ ካልሲዬ ረጠበ። ሳምፑ፣ ማለትም ከዓሣ ገንዳዬ ሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ፣ ሞልቶ ፈሷል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በወጣበት ቧንቧ ተመልሶ ወርዶ ነበር። ይህን እንዲከለክል ብዬ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ገጥሜያለሁ። ሳወጣው የምስር ፍሬ የምታህል ቀንድ አውጣ ምላሱ ሥር ተቀርቅራ አገኘኋት። 30 ሊትር ገደማ የጨው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጣውላው አበጠ፤ ሦስት ረድፍ አስቀየርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ስቆርጥም ሆነ ሳጣብቅ አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፦ አሁን መብራት ቢጠፋ ይህ ውሃ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የተሠራው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? ዓሦቹና ኮራሎቹ ያሉበት ዋናው ገንዳ ከላይ ነው። ሳምፑ ከሥር፣ ካቢኔቱ ውስጥ ይቀመጣል። ማጣሪያው፣ ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚለየው ዕቃ) እና ማሞቂያው እዚያ ይደበቃሉ። ከላይ የውሃው ገጽ ገንዳው ውስጥ ወዳለ መውረጃ ሳጥን፣ በአፉ ላይ ባሉት ጥርሶች መካከል አልፎ፣ ይገባል። ከዚያ በተበሱት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ታች ተጣርቶ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ መውረጃው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ውሃው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው መመለሻው፣ ማለትም ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ የሚያወጣው መስመር፣ ብቻ ነው። ፓምፑን በማጥበቅ ወይም በማላላት የመውረጃን ችግር ለማስተካከል አትሞክሩ። መውረጃው ብቻውን በቂ ሆኖ መሠራት አለበት።

ለምሳሌ የምጠቀመው ቤቴ ያለውን ነው። ዋናው ገንዳ 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ነው፤ 432 ሊትር ይይዛል። ሳምፑ 90 በ45 በ40 ነው። የኋላው መስታወት ላይ፣ በመውረጃ ሳጥኑ ውስጥ፣ ለ1 ኢንች ቧንቧ የሚሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። የእናንተ ልክ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ።

ከመጋዝ በፊት ሒሳብ

ወረቀትና እስክርቢቶ ያዙ። ፓምፑ ሲቆም ስንት ሊትር ወደ ታች እንደሚመጣ እናሰላለን።

ዋናው ገንዳ በመመለሻው አፍ በኩል 3 ሴንቲሜትር ቢቀንስ፣ 120 ሲባዛ በ60 ሲባዛ በ3 ማለት 21,600 ኩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ይህ 21.6 ሊትር ይሆናል። የመውረጃ ሳጥኔ ውስጡ 40 በ12 ነው። ውሃው እስከ ሳይፎኑ (የዋናው መውረጃ ቧንቧ) አፍ ድረስ 15 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ 7.2 ሊትር ጨምሩ። ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን 3 ሊትር፣ ከስኪመሩ የሚመለሰውን 6 ሊትር አድርጉት። ድምሩ 38 ሊትር ገደማ ነው።

ሳምፑ በሥራ ላይ እያለ ውሃው 22 ሴንቲሜትር ላይ ቢቆም፣ ከላይ 18 ሴንቲሜትር ባዶ ይቀራል። 90 በ45 በ18 ስታባዙት ከ72 ሊትር በላይ ነው። ስለዚህ የሚመጣውን ችሎ ይተርፈዋል። ያኔ በሐምሌ ያላሰላሁት ይህንን ነበር።

ሁለተኛ ሒሳብ አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። መውረጃው ሙሉ በሙሉ ቢደፈንስ? ፓምፑ ያለበት የሳምፑ ክፍል እስኪደርቅ ድረስ ውሃውን ወደ ላይ መግፋቱን አያቆምም። የእኔ የፓምፕ ክፍል 25 በ45 ነው፤ በ22 ሴንቲሜትር ከፍታ 25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህን በ120 በ60 ስፋት ላይ ስትዘረጉት ዋናው ገንዳ 3.4 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ውሃው ከገንዳው አፍ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የፓምፑ ክፍል ሲጎድል መሣሪያው የጎደለ መስሎት ይጨምራል፣ ፓምፑም እሱን ወደ ላይ ይልካል። የመተኪያውን ባልዲ ትንሽ አድርጉት።

ፓምፑን በሚመለከት፣ በሳምፑ በኩል በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ3 እስከ 6 ጊዜ ማዞር ይበቃል። ለእኔ በሰዓት 2,000 ሊትር አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ፓምፑ ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ሜትር ተኩል ሲወጣና ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ሲያልፍ ብዙ ይቀንሳል። ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን ሰንጠረዥ ተመልክታችሁ በእናንተ ከፍታ ላይ ስንት እንደሚሰጥ እዩ።

ምን ይገዛል?

ዋናው ዕቃ በልክሄድ ነው። ሮቶ ላይ የውሃ መውጫውን ገንዳው ግድግዳ ላይ የሚይዘውን ዕቃ ያየ ሰው ያውቀዋል። በአንድ በኩል ሰፊ ከንፈርና ጎማ ጓርኒሲዮን፣ በሌላ በኩል ዳዶ አለው። ሦስት ለመውረጃ ግዙ። መመለሻውን እኔ በገንዳው አፍ ላይ አሻግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ለእሱ ቀዳዳ አላስፈለገኝም።

ከዚያ የግፊት ፒቪሲ ቧንቧ፣ 90 እና 45 ዲግሪ ጎሚቶዎች፣ ሦስት ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ)፣ ዩኒየኖች (ተፈትተው የሚገጠሙ መገጣጠሚያዎች)፣ ሁለት ሳራቺኔስካ (ብዙ ዙር እየዞረ ቀስ በቀስ የሚዘጋ ቫልቭ)፣ ቴፍሎን፣ የፒቪሲ ፕራይመርና ኮላ ያስፈልጋል። ሳራቺኔስካው የፕላስቲክ ይሁን። አዲስ አበባ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄዳችሁ ሳራቺኔስካ ብትሉ የሚሰጧችሁ ብዙ ጊዜ የነሐስ ነው። ነሐስ መዳብ አለው። የጨው ውሃ መዳቡን ያሟሟል፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል። ውሃው የሚነካው ማንኛውም ነገር ፕላስቲክ ይሁን። ብረት ፋሼታም (የቱቦ ማሰሪያ) ይዝጋል።

እጀታውን ሩብ ዙር በማዞር የሚዘጋ ቫልቭ ለምን አይሆንም? ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በዚህ ጥሩ ነው። የእኛ ሥራ ግን በጥቂት ሚሊሜትር ማስተካከል ነው። ለዚያ ሳራቺኔስካ ብቻ ይመቻል።

ስለ ልክ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሜሪካ 1 ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚሊሜትር ነው። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች የሚሸጠው የሜትሪክ ቧንቧ ደግሞ 32 ሚሊሜትር ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ፣ አንዱ በሌላው ግን አይገጥምም። ዘመድ ከአሜሪካ በልክሄድ ቢያመጣላችሁ ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ ቧንቧ ከመግዛታችሁ በፊት በካሊፐር ለኩ። ልዩነቱን በኮላ መሙላት አይቻልም።

መብሳት

የተበሳ ገንዳ ከገዛችሁ ይህን እለፉት። ራሳችሁ የምትበሱ ከሆነ መጀመሪያ መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑን አረጋግጡ። እንዲህ ያለ መስታወት መሰርሰሪያው ሲነካው አንድ ላይ ይደቅቃል። ነጭ ገጽ የከፈታችሁበትን ላፕቶፕ ከመስታወቱ ኋላ አድርጉ። ከፊት በፖላራይዝድ መነጽር እዩት። የጠቆረ ወይም ቀስተ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ከታየ አትንኩት። በብዙ ገንዳዎች ላይ የታችኛው መስታወት እንዲህ ነው።

የቀዳዳው ስፋት የሚለካው በቧንቧው ሳይሆን በበልክሄዱ ነው። የእኔ 1 ኢንች በልክሄድ 45 ሚሊሜትር ፈልጓል፤ የእናንተ ሊለይ ስለሚችል አምራቹ የጻፈውን አንብቡ። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ተዉ። የአልማዝ መሰርሰሪያ ድሪሉ ላይ ግጠሙ። በቦታው ዙሪያ የልጆች ፕላስቲሲን እንደ ቀለበት ጠቅልላችሁ ውስጡን ውሃ ሙሉት። ከኋላ በኩል ፕላስተር ለጥፉ። በዝግታ፣ የድሪሉ ክብደት ብቻ እንዲጫነው አድርጋችሁ ብሱ። ሊያልፍ ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ እጃችሁን ይበልጥ አቅሉ። መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ።

በልክሄዱን ስትገጥሙ ጓርኒሲዮኑ ውሃው ባለበት በኩል፣ ከከንፈሩ ሥር ይሁን። በዳዶው በኩል ጎማ አይገባም። ሲሊኮን አትቀቡ፤ ጎማው በንጹሕ መስታወት ላይ ራሱ ያሽጋል። በእጅ አጥብቁና ሩብ ዙር ጨምሩ፤ ይበቃል። አንዳንዱ ዳዶ የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ነው። አልጠብቅ ሲላችሁ በፒንሳ ከመታገላችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ሦስቱ መውረጃዎች

የዚህ ሁሉ ልብ ይኼ ነው። ሰዎች ቢንአኒማል ይሉታል። ሁለት ቧንቧ ብቻ ያለው ሄርቢ ይባላል፤ አንድ ቧንቧ በአየር ቀዳዳ ዱርሶ ይባላል። ሦስት ቀዳዳ ለመብሳት ቦታ ካላችሁ ሦስቱን አድርጉ እላለሁ። ዱርሶ አንዱ ቧንቧ ከተደፈነ ሌላ መንገድ የለውም፤ ቤት ውስጥም ሲንቆረቆር ይሰማል።

የመጀመሪያው ቧንቧ ሳይፎኑ ነው። ከበርሜል ጋዝ በጎማ ስበው ሲያወጡ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አየር ካልገባበት ጎማው ሙሉ ሆኖ ይጎትታል፣ ድምፅም የለውም። ይህ ቧንቧም እንዲሁ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከበልክሄዱ ላይ ወደ ታች የዞረ ጎሚቶ ይደረጋል። ከመስታወቱ ኋላ ቲ ይገጠምና የላይኛው አፉ በክዳን ይዘጋል። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሳምፑ በላይ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሳራቺኔስካው ይገባል። ጫፉ ሳምፑ ውስጥ ከውሃው በታች 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይጠለቅ። ከዚያ በላይ ከጠለቀ ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ሳይፎኑም አይጀምርም። ብዙ ሰው «ሳይፎኔ አይነሳም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አግዳሚ መስመር አታብዙ። መዞር ካለበት ከአንድ 90 ይልቅ ሁለት 45 ተጠቀሙ። አንድ 1 ኢንች ቧንቧ ሙሉ ሆኖ ሲጎትት በዚህ ከፍታ በሰዓት 2,500 ሊትር ያለ ችግር ያወርዳል።

ሁለተኛው ክፍት ቧንቧ ነው። አሠራሩ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ሳራቺኔስካ የለውም። ውሃ በጎኑ ስስ ሆኖ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ መሃሉ አየር ነው። የቲው ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ቀጭን የአየር ቱቦ ይገባበታል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከተለመደው የውሃ ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ሳይፎኑ በአልጌ ወይም በቀንድ አውጣ ተደፈነ እንበል። በሳጥኑ ውስጥ ውሃው ከፍ ይላል፤ የአየር ቱቦውን ጫፍ ይሸፍነዋል። አየር ሲቋረጥ ክፍቱ ቧንቧ ራሱ ሳይፎን ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ቀን በገዛ ዓይኔ ሳየው ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳይቻታለሁ። ማንም ሳይነካው ቧንቧው ሥራውን ተረከበ።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጎሚቶው ወደ ላይ ይዞራል። አፉ ከአየር ቱቦው ጫፍ ከፍ፣ ከገንዳው አፍ ግን በደንብ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ምንም ቫልቭ አይገባበትም። ታች ጫፉን ከሳምፑ ውሃ በላይ ተዉት። ውሃ ከወረደበት ይንጫጫል፤ ከሌላ ክፍል ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ። ይህ ድምፅ ማስጠንቀቂያችሁ ነው፤ ዝም ለማሰኘት ብላችሁ ቧንቧውን አታጥልቁት።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚቶዎች በኮላ አታጣብቁ። ለማጽዳት መውጣት አለባቸው፤ ጥቂት ጠብታ ቢያፈስሱም ውሃው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው።

መመለሻው

ከፓምፑ ላይ ለስላሳ ቱቦ አጭር አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ ንዝረቱ ወደ ካቢኔቱ እንዳይተላለፍ። ከዚያ ዩኒየን፣ ሁለተኛው ሳራቺኔስካ፣ ቀጥሎ ፒቪሲው ይወጣል። የመመለሻው አፍ ከውሃው ገጽ ብዙ አይጥለቅ፤ 2 ሴንቲሜትር ይበቃል። የእኔ የድሮው 20 ሴንቲሜትር ገብቶ ነበር። ከገጹ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ትንሽ ወርዶ ቀዳዳዋ አየር ትስባለች፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሳይፎን ይቋረጣል።

አንድ አቅጣጫ ቫልቭን በተመለከተ፣ ከዚያ ምሽት በኋላ አልገጥምም። ፍሰት ይቀንሳል፣ ቀንድ አውጣና ኖራ የሚሠሩ ትሎች ያግዱታል። ሳምፑ የሚመጣውን ውሃ ከቻለ ቫልቩ አያስፈልግም።

ማጣበቅ

መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ኮላ ገጣጥሙት። ደረቅ ቧንቧ የመገጣጠሚያው ሶኬት (አፍ) ውስጥ እስከ ታች አይገባም። ኮላ ሲቀባ ግን ይገባል፣ ቁመቱም ያጥራል። ስለዚህ ስትቆርጡ የሶኬቱን ጥልቀት ለክታችሁ አስቡ። በየመገጣጠሚያው በማርከር ከቧንቧ ወደ ጎሚቶ የሚሻገር መስመር አስምሩ፤ በችኮላ ስታጣብቁ አቅጣጫው እንዳይጠፋባችሁ።

በሴጌቶ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ፍርፋሪውን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ፕራይመር በሁለቱም ላይ፣ ከዚያ ወዲያው ኮላ በሁለቱም ላይ ቀቡ። ሩብ ዙር እያዞራችሁ ግፉና 30 ሰከንድ ያዙ፤ ቶሎ ከለቀቃችሁት ተመልሶ ይወጣል። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ከባድ ነው። በልክሄዱ ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ የተለመደው የፒቪሲ ኮላ ስለማይይዘው ሁለቱን የሚያያይዝ ኮላ ጠይቁ። እኔ ቀለም ያለውን ሐምራዊ ፕራይመር እመርጣለሁ። አያምርም፤ ነገር ግን ያልተጣበቀው መገጣጠሚያ በአንድ እይታ ይለያል። የተረሳ መገጣጠሚያ ለቀናት ይዞ ቆይቶ ድንገት ይለቃል። ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት 24 ሰዓት ጠብቁ።

ዩኒየን አትሰስቱ። ከበልክሄዱ በታች አንድ፣ ከሳራቺኔስካው በታች አንድ፣ ከፓምፑ አጠገብ አንድ። ከዓመት በኋላ ቧንቧ ስታጸዱ መጋዝ አታነሡም።

ሙከራ

ጨው ገና አታስገቡ። በቧንቧ ውሃ ሙሉት። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አስቀምጡ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። የኤሌክትሪክ ገመዶች ከሶኬቱ በታች ወርደው ይመለሱ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ይንጠባጠባል።

ሳራቺኔስካውን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ፓምፑን አስነሡ። መጀመሪያ ይንቆረቆራል፣ ሳምፑ ውስጥ ትላልቅ አረፋዎች ይወጣሉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት፤ አየሩ ወጥቶ ድምፁ ይጠፋል። አሁን ሳራቺኔስካውን በጣም በትንሹ እየዘጋችሁ የሳጥኑን ውሃ ተመልከቱ። ከፍ እያለ መጥቶ ወደ ክፍቱ ቧንቧ ቀጭን ውሃ መንሸራተት ሲጀምር አቁሙ። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ቦታውን የሚይዘው በዝግታ ነው። ቸኩሎ የሚነካ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያዞረው ያድራል።

ከዚያ ፓምፑን አጥፉ። ቁጭ ብላችሁ ሳምፑ እስኪረጋ ጠብቁ። ውሃው በቆመበት ቦታ ሳምፑ ላይ በቋሚ ማርከር መስመር አስምሩ። አስነሡት፤ ፍሰቱ ሲረጋ የፓምፑ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ መስመር አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ መቼም አትሙሉ። ይህን አሥር ጊዜ ደጋግሙት፤ ሳይፎኑ በየጊዜው ራሱ መነሣት አለበት።

አሁን በግድ አበላሹት። ሳይፎኑን በሳራቺኔስካው ዝጉት። የአየር ቱቦው ተሸፍኖ ክፍቱ ቧንቧ መረከብ አለበት። ክፍቱንም ጎሚቶውን አውልቃችሁ አፉን በእጃችሁ ድፈኑት፤ መጠባበቂያው ብቻውን የፓምፑን ውሃ በሙሉ መቻል አለበት። ካልቻለ ፓምፑ ትልቅ ነው፤ ቀንሱት። በመጨረሻ ሦስቱንም ዝጉና ፓምፑ ክፍሉን እስኪያደርቅ ተመልከቱ። ፎጣና ባልዲ አጠገባችሁ ይሁን። ውሃው ከገንዳው አፍ በታች ከቆመ ሒሳባችሁ ትክክል ነበር።

አንድ ቀን ሙሉ እንዲሠራ ተዉት። ሶፍቶቹ በማግሥቱ ደረቅ ከሆኑ ውሃውን አፍስሱና የጨው ውሃ ሙሉ። ጨው ሲገባ ሳራቺኔስካው ጥቂት ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል፤ ቧንቧው ውስጥ ስስ አልጌ ሲያበቅልም እንዲሁ።

በየጥቂት ወሩ ፓምፑን አውጥታችሁ በኮምጣጤና ውሃ ዘፍዝፉት። የመመለሻዋን የአየር ቀዳዳ ደግሞ ኮራላይን አልጌ ይደፍናታል። እኔ በየወሩ መጀመሪያ በስቴኪኒ አጸዳታለሁ፤ ከዚያ ፓምፑን አጥፍቼ ውሃው ማርከሩ መስመር ላይ መቆሙን አያለሁ።